ቤት የማይመታ ግጥም

አስቀድሜ ይቅርታ፤
ይህ ግጥም ቤት አይመታም።
ስለ ዙልማ ነውና፣ ስለ ውሻዋም ስለ ብሩማ፣
እነሱ ጣራ አጥተው ሲንከራተቱ
እኔ በየስንኙ ጫፍ ቤት በቤት ብሆን
ነውር መሰለኝ።

ከሞንቴቪዴዮ መጡ፤
ዙልማ ከላይ በወንበር፣ ብሩማ ከታች ከሻንጣ ጋር፣
አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ውቅያኖስ።
ማድሪድ ላይ ከሳጥኗ ስትወጣ
መጀመሪያ ያሸተተችው የጉምሩኩን ሰው ጫማ ነው።
ወረቀቷ ሙሉ ነበር፦
ክትባቷ፣ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረው ቁጥሯ፣ የሐኪሙ ፊርማ።
አንድ ማኅተም የጎደለው የዙልማ ወረቀት ነው።

ቢልባዎ በካፊያ ተቀበለቻቸው፤
ጃንጥላ በማያስዘረጋ፣
ግን አጥንት ድረስ በሚዘልቅ ካፊያ።

ከዚያ ስልክ።
«ክፍሉ አለ?» «አለ።»
«ማሞቂያ?» «አለው።»
«ፀሐይ ያገኛል?» «ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ካለች።»
«ውሻ አለችኝ።»

«ለካ ትናንት ተከራይቷል።»

ካርሜሌ፣ የሳንቱቹዋ፣ ቁልፍ እያንቃጨለች
«ትጮኻለች?» ብላ ጠየቀች።
ምን ይመለሳል?
ውሻ በበላበት ይጮኻል።
ቀምሳ በማታውቀው ደጅ
ብሩማ ምን ብላ ትጩህ?

የዴውስቶው ወጣት ደግሞ
«ከአሥር ኪሎ በታች ከሆነች» አለ።
ዙልማ ውሻዋን አቅፋ ሪቤራ ገበያ ወረደች፤
ዓሣ ሻጯ ሚዛኗን በሽርጧ ጠረገችላት፤
ሰርዲን ከወረደበት ላይ ብሩማ ወጣች።
አሥራ አንድ ተኩል።
«ትርፉ ጆሮዋ ነው» አለች ዓሣ ሻጯ፣
«ጆሮዋን ውጭ ታሳድር።»
ሰልፈኛው ሳቀ፤ ዙልማም ሳቀች፤
ከዚያ ሳቁ አፏ ውስጥ ተበላሸ።

መካሪ አይጠፋም፦
«ዝም በይ፣ መጀመሪያ ውሉን ፈርሚ።»
«ሌሊት አስገቢያት፣ እንደ ኮንትሮባንድ።»
«ለገጠር ሰው ስጫት፤ ሰፊ ሜዳ አላቸው።»
ይህን ሜዳ ዙልማ ታውቀዋለች፤
በልጅነቷ የጠፉ ውሾች ሁሉ
የሄዱበት ሜዳ ነው።

በፔንሲዮኑ አሥራ ሦስተኛዋ ሌሊት፣
ለብሩማ በአዳር ስምንት ዩሮ፣
የምትተኛው ግን በራሷ ምንጣፍ ላይ፤
ዙልማ ገንዘቧን ቆጠረች፣
ደግማ ቆጠረች፣
ሲቆጠር የሚዋለድ ይመስል።

እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ ቃል እቆጥራለሁ።
ዙልማ፣ ብሩማ።
ስማቸው ለስማቸው ይገጥማል፤
ስም ግን ብቻውን ኪራይ አይከፍልም።

ሐሙስ፣ ዞሮትሳ።
ቾሚን የሚባል ሰው፣ መርከብ ይበይድ የነበር፣
በአራተኛው ፎቅ ላይ ገርበብ አድርጎ በር፣
አልጠየቀም ስለ ደመወዝ፣ አልጠየቀም ስለ አገር፤
ጎንበስ ብሎ ጣቱን ለአፍንጫዋ ሰጠ፤
አሸተተች፤ አሰበች፤ ጭራዋ ተናወጠ።

በበሩ ግርጌ ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
የጥፍር ጭረት አለ፣ እንጨቱን ፈልፍሎ፤
በሩ በቅርብ ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤
ብሩሹ እዚያ ሲደርስ ዞሮ አልፎታል።
ዙልማ አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ፤
ለብሩማ ብቻ ውኃ ቀድቶ አኖረ።
መልአክም አይደለ፦ ሃያ ዩሮ ጨመረ።

ገቡ። ሦስት ሌሊት ጸጥታ።
በአራተኛው ማታ
በደረጃው ሽቅብ የሰው ኮቴ ሲሰማ
ከውቅያኖስ ወዲህ ትንፍሽ ያላለች ብሩማ
ጮኸች! ጮኸች! ደገመች፤
ዙልማ ከእንቅልፏ ነቃች፣
«ዝም በይ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ተወችው፣ ሳቀች።
ጎረቤት ተቆጥቶ ግድግዳ መታ፤
ግጥሙም፣ ይኸውላችሁ፣ ቤት መታ።

ያ አንድ ማኅተም ግን
እስካሁን አልመጣም።